ጥሩ ምልክት

ሰኞ 4

ዛሬም ስብሰባ። ዛሬም ስለ እጁ።

ነገሩን ለራሴ ልጻፈው፤ ቀን ላይ በአፌ ስናገረው ይጠፋብኛል። የምንሠራው የድብድብ ጌም ነው። ሁለት ሰው ስክሪን ላይ ይቆማል፣ አንዱ እስኪወድቅ ይደባደባሉ፣ አለቀ። ካሉን ተደባዳቢዎች ሁሉ እጁ የሚከብደው «ሽማግሌው» ነው። ቀኝ እጁ አንዴ ካረፈ ተነስቶ የሚቆም የለም፤ ቢሮ ውስጥ ያቺን ቡጢ «መዶሻ» እንላታለን። መዶሻን ከመሰንዘሩ በፊት ግን ሽማግሌው ለአፍታ ይቆማል። ግራ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ አየር ይስባል፣ ከዚያ ይመታል። ያቺ አፍታ ለተጋጣሚው የተሰጠች ናት። ያያት ዘወር ይላል፣ ያላያት ይወድቃል። በእኛ ሥራ ይህ «ምልክት» ይባላል። ከባድ ምት ሁሉ ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ምልክት የሌለው ከባድ ምት ሰውን ከኋላ እንደመምታት ነው። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ።

አድናቂዎቹ ሽማግሌውን «አባባ» ይሉታል። ይወዱታል። ስለሚወዱት ነው መከራዬን የሚያበሉኝ። «እጁን ደረቱ ላይ ባደረገ ቁጥር ተጋጣሚያችን ይነቃብናል» ይላሉ። «የአባባን እጅ ከደረቱ ላይ አንሱልን!» አለቃችን ይህንኑ ከስልኩ እያነበበ አሰማን። ከዚያ «እስኪ አስቡበት» አለ። አለቃችን «አስቡበት» ካለ እሱ አስቦ ጨርሷል ማለት ነው።

«ሽማግሌው የተሠራው በዚያች እጅ ዙሪያ ነው» አልኩ። «እሷን ካነሳን ሰውነቱ ይቀርና መሣሪያ ይሆናል።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጥግ ላይ የነበረው ድምፅ ቀጂ ቀና ብሎ አየኝ።

ቤት ስገባ አባዬ እንደ ልማዱ «ሽማግሌዬ እንዴት ዋለ?» አለኝ። ሽማግሌው እሱ ነዋ። ዕድሜውን ሙሉ ቦክስ ሲያሠለጥን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ያንን ጥቁር ጥብቅ ልብስ አልብሰን፣ ነጫጭ ኳሶች ለጥፈንበት፣ ካሜራዎቹ መሃል አቁመን እንቅስቃሴውን በሙሉ ከእሱ ቀዳን። ባለፈው ዓመት።

«ሊነኩት ነው» አልኩት።

«ማን አባቱ ነው የሚነካው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ገባበት።

ማክሰኞ 5

ሩጫ። ምሳ የለም። አድሮ የተከመረው ጽሑፍ ብዛቱ! «አባባን ፍቱት።» «እጁን ልቀቁት።» ይሄ የኔ አባት ነው ብዬ ብጽፍላቸው ምን ይሉ ይሆን? አልጽፍም። ከቢሮ ውጪ የሚያውቅ የለም።

አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ይጫወት ነበር። ድምፁን አልቀነሰውም። የአባዬ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር መጣ፤ ሳበ፣ ቆም አለ፣ መታ። ያን ዕለት ስንቀዳ ማይኩ በርቶ ስለነበር ትንፋሹም አብሮ ተይዟል፤ ሽማግሌው የሚተነፍሰው በአባዬ ትንፋሽ ነው። ዞሬ አላየሁም። ፌርማታዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ዓርብ 8

«ቆጣሪው» ማለት ፕሮግራመራችን ነው። ዓይን ተርገብግቦ እስኪገለጥ ያለውን ጊዜ ሸንሽኖ፣ እያንዳንዷ ሽንሽን ላይ ማን እጁን የት እንዳደረገ የሚነግርሽ ሰው ነው፤ በስሙ የሚጠራው ከጠፋ ቆየ። ዛሬ «ከምትጨቃጨቁ ለምን አንሞክረውም?» አለኝ። ምልክቱን ቆርጦ አወጣና ሽማግሌውን ለኔ ሰጠኝ፣ እሱ ሌላ መረጠ። ይሄ ልጅ ጌሙን ከሁላችንም በላይ ይጫወታል። ዛሬ አንዴም አላሸነፈኝም። እኔ፣ የራሴን ጌም መጫወት የማልችለው!

«እንዴት እንደመታሽኝ እንኳ አላየሁም» አለ።

«ታዲያ ይሄ ምን ይባላል?»

«ድብድብ አይባልም» አለ። ለአለቃችንም እንደዚሁ ሊነግርልኝ ቃል ገባ።

ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ እኔ የሙከራ ክፍሉ ውስጥ ቀረሁ። ሽማግሌው የሚነካው ሰው ሲያጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ተቀምጬ አየሁት። አብሬው እየተነፈስኩ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ስክሪኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ማጥፋቴን እርግጠኛ ነኝ። ስመለስ ግን በርቶ፣ ሽማግሌው በሩ በሩን እያየ ቆሞ አገኘሁት። ጽዳት ሠራተኛዋ ነክታው ይሆናል።

እሑድ 10

ከታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ መግቢያው ላይ ያዘችኝ። «አባትሽ ደህና ናቸው? ትናንት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ልደግፋቸው ብል ተቆጡኝ።»

ጠየቅኩት። «ጫማዬን እያሰርኩ ነበር» አለ። «እሷ ደግሞ ወሬ ካላገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም።» እውነቱን ነው፣ ሴትዮዋ ወሬ ትወዳለች።

በሩ ጋ ጫማውን አየሁት። ባለፈው የገዛሁለት ነው፣ እግርን ከተት የሚያደርጉበት፣ ማሰሪያ የሌለው። ለነገሩ ሌላም ጫማ አለው።

ትንፋሹ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል። ይስባል፣ ቆም ይላል። እኔም አብሬው ቆም እላለሁ፣ ምቱን እየጠበቅኩ። ሥራዬን ቤት ይዤ መምጣት ማቆም አለብኝ።

ረቡዕ 13

አለቃችን መካከለኛ መንገድ አገኘሁ ይላል። አባዬን እንደገና እንጥራው፣ እጁን ሳያነሳ መዶሻውን እንቅዳው፣ እሱን እናስገባ። «ቆርጠን ብናወጣው ያስታውቃል። ከሰውዬው ከራሱ ከመጣ ግን ያምራል። ደጋፊዎቹም ሰሙን ይላሉ።»

እሺ አልኩ። ስንት ቀን ስሟገትበት የከረምኩትን ነገር እሺ አልኩ። ደክሞኝ ነበር። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አባዬ ቢሮ መምጣት ደስ ይለዋል።

አለቃችን የሚገባው አይመስለኝም እንጂ የአድናቂ ጥያቄ ሁሉ አንድ አይደለም። ሽማግሌውን ፂም ስጡት አሉን፣ ሰጠነው፤ የሚጎዳው የለም። ይዝለል አሉን፣ እምቢ አልን፤ የሚዘል ሽማግሌ ከሆነ ሁሉም ጋር ይደርሳል፣ የሚርቀው ሰው አይኖርም። ሁልጊዜ የምላት ነገር አለችኝ፦ ተጫዋች የት ጋ እንደሚያመው ያውቃል፣ መድኃኒቱን ግን አያውቅም፤ መድኃኒቱን የማዝዘው እኔ ነኝ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል።

«ባዶ እጅ» የሚል ስም ያወጣ ተጫዋች አለ። እሱ አንድም ቀን እጁን አንሱልን ብሎ አያውቅም። ዛሬ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሽማግሌውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እጁን የሚያሳርፈው ለጉራ አይደለም። ያመዋል። ልቡ ነው። እያመመው ነው የሚደባደበው።» ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት የለጠፈው ሰው ብዛቱ! የሽማግሌውን ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ልብ የሚል አንድ ቃል የለበትም። ሰው ያላስቀመጡለትን ነገር ማግኘት ይወዳል።

ይስቃል ብዬ እራት ላይ ለአባዬ አነበብኩለት። አልሳቀም።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ፤ ልጅ ይሁን ሽማግሌ በምን አውቃለሁ?»

«ጎበዝ ነው» አለና ሳህኑን ገፋ አደረገው። ግማሹን እንኳ አልበላም።

ቅዳሜ 16

ታላቅ እህቴ መጣች። ገና በሩ ላይ «ከሳህ» አለችው። «አማረብህ ማለትሽ ነው» አላት። እሷ ስትመጣ ቤቱ የትምህርት ቤት ስብሰባ ይመስላል፤ መምህር ናት፣ ሁሉንም ሰው እንደ ተማሪ ነው የምታየው።

አባዬ ጋደም ሲል ሽማግሌውን አሳየኋት። ጌም አትወድም፣ ግን አየች። እጁ ደረቱ ላይ ስትሄድ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምልክቱ ነው። የራሱ የአባዬ ነው እኮ። ስንቀዳው ከራሱ አመጣው፣ ማንም አላስተማረውም።»

«አባዬ እንዲህ አድርጎ አያውቅም» አለች። «ሲያሠለጥነን ምን ነበር የሚለን? እጅሽ ከአገጭሽ ወርዶ ባይ እኔ ራሴ ነኝ የማቀምስሽ! ረሳሽው?»

አልረሳሁም። በፎጣ ግራ እጃችንን ከአገጫችን ጋር አስሮ ያለማመደን ሰው ነው። ግን ሰው ሲያረጅ ስልት ይለውጣል። ይሄ የእሱ የሽምግልና ስልት ነው፣ የሚያምረውም ለዚያ ነው ብዬ አስረዳኋት። አዲስ ሠራተኞችን በማስረዳበት ድምፅ።

«ሐኪም ይየው» አለች።

«ያየዋል። ይሄ ማሻሻያ ይውጣና።»

«ማን ነው የሚወጣው?» አለች፤ አዲሱን የጌሙን ቅጂ «ማሻሻያ» እንደምንለው አታውቅም። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ቶሎ አቆመች።

ማክሰኞ 19

አባዬ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ለብሶ ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቷል። «ዛሬ ጎረምሳ ነኝ» አለ። በታክሲ ሄድን።

ያ ጥቁር ልብስ ሰፋው። ባለፈው ዓመት እየተሳሳቅን በግድ ያስገባንበት ልብስ ነው። ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ሰብስበን ያዝነው። «ልብሱ ነው የለቀቀው» አለ ድምፅ ቀጂው፣ እኔም ልክ ነህ አልኩት።

«በል አባዬ። መዶሻውን። እጅህን ግን ደረትህ ላይ እንዳታደርግ።»

«እሺ እማዬ።»

ሰነዘረ። እጁ ሄደች። «ውይ» አለ። ደገመ። ሄደች። እንደገና። ሄደች። «አልታዘዝ አለችኝ፣ እንደ እናንተ ነች» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ካሜራዎቹ መሃል ገባሁና ግራ እጁን ይዤ አገጩ ላይ አደረግኩለት፤ ድሮ እሱ እኔን እንደሚያደርገኝ። እጁ ቀዝቃዛና በላብ የራሰ ነበር። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ብለን ነው።

«አንዴ ብቻ ትውጣልን፣ ይበቃናል» አልኩት።

አንዴ ወጣች። ግራው ከአገጩ ሳይነቃነቅ፣ ወገቡ ዞሮ፣ ቀኙ ቀጥ ብሎ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መዶሻ አላየሁም። አለቃችን አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አባዬ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ላለማስደንገጥ የተጠነቀቀ ይመስላል። «ወለላችሁ ንጹህ መሆኑን ላይ ብዬ ነው» አለ። ፊቱ ነጥቶ ታየኝ፤ እዚያ ክፍል መብራቱ ሰውን ሁሉ ያነጣል።

ቆጣሪው ወንበርና ውሃ ይዞ ሮጠ። እኔ ወደ ስክሪኑ ነበር የሄድኩት። ቀረጻው መያዙን ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ አንዲት ኳስ ብትወድቅ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ተይዟል። ስዞር ቆጣሪው ወንበሩን እንደያዘ እኔን እያየኝ ነበር። አስተያየቱ አላማረኝም።

ሐሙስ 21

ቆጣሪው ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። የባለፈውን ዓመትና የማክሰኞውን ቀረጻ ጎን ለጎን አድርጎ አይቷቸዋል። ማን እይ አለው?

«እጁ የሄደችባቸውን ማለቴ ነው። ምልክቱ ረዝሟል። እጥፍ ሆኗል።»

«አርጅቷላ።»

«ያኔ ከመምታቱ በፊት ብቻ ነበር እጁ የምትሄደው። አሁን ከመታም በኋላ ትሄዳለች።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐኪም አሳይተሽዋል?»

«አንተ ቁጥርህን ቁጠር» አልኩት።

ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

እሑድ 24

አልጠየቅኩትም።

አባዬን «ሐኪም ቤት እንሂድ?» አልኩት።

«የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ ወይስ እህትሽ?»

«እኔ ነኛ።»

«ማሻሻያችሁ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ዓርብ።»

«እንግዲያው እሱ ይውጣና» አለ። እፎይ አልኩ። ለምን እፎይ እንዳልኩ ግን ግራ ገብቶኛል፣ ስጽፈውም አላማረኝም።

ዓርብ 29

ወጣ። ቁልፉን እኔ ተጫንኩት፤ አለቃችን «ያንቺ ሰው ነው፣ አንቺ ልቀቂው» አለኝ።

ገና ማታ ሳይሆን አድናቂዎቹ አበዱ። የባዶ እጅን ጽሑፍ ያልረሳ አንዱ «አባባ ዳነ!» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ሁሉም ተቀበለው። አባባ ዳነ። አባባ ዳነ። ገጹን ወደ ታች ብጎትት፣ ብጎትት፣ አያልቅም። ለአባዬ አነበብኩለት። «እንኳን ደስ አለኝ» አለ፣ ወንበሩን ተደግፎ።

ባዶ እጅም ጽፏል። «አላዳናችሁትም። ደበቃችሁት።» ይህን አላነበብኩለትም።

ሰኞ 2

ሰው ሁሉ ሽማግሌውን ብቻ ይመርጣል። ሌሎቹን ተደባዳቢዎች የሚነካቸው ጠፋ። ሽማግሌ ከሽማግሌ ጋር ነው የሚጋጠመው፤ ሁለት አባዬ ፊት ለፊት ቆመው፣ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ እየተነፈሱ፣ ቀድሞ የተጫነ ያሸንፋል። ቀኑን ሙሉ አባዬ ሲወድቅ አየሁ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚወድቀው፣ መጀመሪያ ጉልበቱ ይከዳዋል።

«ሳናይ ተመታን!» ይላሉ አሁን። «ከየት ነው የመጣው?» «ምንም ምልክት የለውም እኮ!» እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አውቀዋለሁ።

አለቃችን በየሰዓቱ ይጠራናል። ዛሬ ከሥራ በፊት አባዬን ሐኪም ቤት ልወስደው ነበር። አልሆነም፤ ለዓርብ አዛወርኩት። «ይመቸኛል» አለ።

ሐሙስ 5

አባዬ ወደቀ። ደረጃው ላይ። ልብስ ሰፊዋ ናት የደወለችልኝ። ደጋግማ ደውላ አላነሳሁትም፤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ስለ እጁ።

ሆስፒታል። እህቴ መንገድ ላይ ናት። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ 7

አለ። ማሽን ላይ ነው፣ ግን አለ።

ሐኪሟ እኔንና እህቴን ኮሪደሩ ላይ አቆመችን። ልቡ ነው። ደም የሚያደርሱለት ቧንቧዎች ጠበዋል፣ ከልቡም ከፊሉ ተጎድቷል። አቅም ካገኘ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ እስኪያገኝ ይጠበቃል። ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ ወረቀቷን ገልጣ ጠየቀችኝ፦

«አብረው የሚኖሩት እርስዎ ነዎት? ከዚህ በፊት ምልክት አልነበራቸውም?»

«ነበረው» አልኳት። «በጣም ጥሩ ምልክት ነበረው።»

ብዕሯ ቆመ። እህቴ ዞራ አየችኝ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። ሌላ ቃል ፈለግኩ፣ አጣሁ። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት፤ ሽማግሌውን፣ ምልክቱን ሳናወጣበት የነበረውን። ሐኪሟ መጀመሪያ ያበድኩ መስሏት ነበር። ከዚያ ስልኩን ተቀበለችኝና ጠጋ ብላ አየችው። መልሳ አየችው።

«እዚህ ጋ» አለች በጣቷ። «ይሄ መቼ የተቀረጸ ነው?»

«ባለፈው ዓመት።»

«ከእርስዎ ሌላ ያየው ሰው ነበር?»

ስንት ሰው እንዳየው ልነግራት አልቻልኩም። እህቴ እጄን ያዘችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም፣ ጨምቃ ያዘችኝ ብቻ።

ማክሰኞ 10

አለቃችን ደወለ። መጀመሪያ ስለ አባዬ ጠየቀ፣ ከልቡ ነው፣ ድምፁ ያስታውቃል። ከዚያ «ልክ ነበርሽ» አለኝ። «ደጋፊዎቹ ራሳቸው ይመለስልን እያሉ ነው። ከመጀመሪያው አንቺ ልክ ነበርሽ። ቆጣሪው ይሥራው፣ አንቺ አባትሽ ጋ ሁኚ።»

ልክ ነበርሽ። ያን ሁሉ ቀን ይህችን ቃል ለመስማት ነው የተጨቃጨቅኩት።

ለቆጣሪው አልሰጠሁትም። ኮምፒውተሬን አስመጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ራሴ ሠራሁት። ምልክቱን ለመመለስ የባለፈውን ዓመት ቀረጻ ከመጀመሪያው መክፈት ነበረብኝ። ማይኩ በርቶ እንደነበር እያወቅኩ እኔም ድምፄ እንዳለበት አላሰብኩም ነበር። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ አየር ይስባል፣ ይመታል። ከዚያ የኔ ድምፅ፣ ደስ ብሎት፣ «አባዬ! ይህቺን ከየት አመጣሃት? ታምራለች! ድገማት እስኪ!»

«ድሮም የኔ ናት» ይላል እሱ። ይደግማታል። «በቃ እንደሷ፣ ድገማት» እላለሁ። ይደግማታል። ስንቴ እንዳስደገምኩት መቁጠር ይቻል ነበር። አልቆጠርኩም።

ልጄ ደስ አላት ብሎ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ልጄ ደስ ካላት ብሎ ሕመሙን እየደጋገመ አሳየኝ፣ እኔም አጨበጨብኩለት።

ቆጣሪው አመሻሽ ላይ መጣ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። «ለምኑ?» አለ። አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሥራውን አየልኝ። አንዲት ቦታ ላይ እጁ ቶሎ እንደምትወርድ ነገረኝ፣ አስተካከልኳት።

ዓርብ 13

ትናንት ወጣ። እጁ ደረቱ ላይ ተመልሳለች። አድናቂዎቹ አመሰገኑ፣ ጥቂቱ ተሳደበ፣ ሌሎቹ ተደባዳቢዎች እንደገና ሰው አገኙ። ጌሙ ጤናማ ነው።

አባዬ ዛሬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ትራስ ደግፈንለት ነው። ሐኪሟ የሚቀጥለው ሳምንት እናያለን ትላለች፤ ከዚያ በላይ ምንም አትልም፣ ዓይኔንም አታይም። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እጁን ነው የማየው። ጥበቃውን፣ ምግብ የምታመላልሰውን፣ እህቴን። ማን እጁን የት እንዳደረገ።

«ሽማግሌዬ እንዴት ዋለ?» አለኝ። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«ምልክቱን መለስንለት።»

«ምን አሉ?»

ባዶ እጅ ለጀማሪዎች የጻፈው ነበር፤ አነበብኩለት። «ከአባባ ጋር ስትጋጠሙ ቀኙን ሳይሆን ግራ እጁን እዩ። ወደ ደረቱ ስትሄድ ካያችሁ አትደንግጡ። ጊዜ አላችሁ። የሚበቃ ጊዜ አላችሁ።» የመጨረሻዋን እንደገና አነበብኩለት።

«ያ ልጅ ነው?» አለ።

«እሱ ነው።»

«ጎበዝ ነው። ከመጀመሪያው አይቶኝ ነበር።»

በቁጣ አይደለም ያለው። በቁጣ ቢለው ይሻለኝ ነበር። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እሱም ዓይኑን ከደነ። ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ይስባል፣ ቆም ይላል፣ ይለቃል።

ከዚያ ግራ እጁ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳች። ደረቱ ጋ ሳትደርስ ቆሜያለሁ፣ ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ።

«ኧረ ቁጭ በይ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «አሳክኮኝ ነው።»

«እሺ አባዬ» አልኩትና ነርሷን ጠራሁ።